ፒኤልሲ ወይስ ቴምፕሬቸር ኮንትሮለር? ለማሽናችሁ የሚስማማውን ለመምረጥ

የአንድ ዳቦ ቤት ባለቤት በጠዋት ደወለልኝ። ምድጃው ሙቀት መያዝ አቁሟል። መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ «ይሄ ያረጀ ነገር ነው፣ ፓነሉን አፍርሰን ፒኤልሲ እናስገባ» ብሎታል። ሁለተኛው ደግሞ «አንድ ቴምፕሬቸር ኮንትሮለር ገዝተህ ና፣ በግማሽ ሰዓት እጨርስልሃለሁ» አለው። የሁለቱ ዋጋ አይቀራረብም። ሰውየው ግራ ገብቶታል። «የቱን ልስማ?» አለኝ።

እኔም መልሼ አንድ ነገር ጠየቅኩት፦ «ምድጃው ከመሞቅ ሌላ ምን ይሠራል?»

ምርጫው የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው «የቱ ይሻላል? የቱ ዘመናዊ ነው?» ብሎ ስለሚጀምር ገንዘቡን ያለ ቦታው ያወጣል። ሁለቱም ጥሩ ዕቃዎች ናቸው። የተሠሩት ግን ለተለያየ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን እንለያቸው

ቴምፕሬቸር ኮንትሮለር በፓነል በር ላይ የምታዩት ትንሽ ሳጥን ነው። ሁለት ረድፍ ቁጥር ያሳያል። ላይኛው አሁን ያለው ሙቀት ነው፤ ታችኛው እኛ የምንፈልገው፣ ሴት ፖይንት የምንለው። የተለመደው መጠን ፊቱ 48 በ48 ሚሊሜትር ሲሆን በሩ ላይ የሚቆረጠው ቀዳዳ 45 በ45 ነው። የኦምሮን ኢ5ሲሲ፣ የኦቶኒክስ ቲኬ4 እና የመሳሰሉት በዚህ መጠን ይመጣሉ። ይህ ሳጥን የሚያውቀው አንድ ሥራ ነው፦ ሙቀቱን ማንበብ፣ ከሚፈለገው ጋር ማወዳደር፣ ሂተሩን ማብራትና ማጥፋት። ይህን አንድ ሥራ ግን ጥንቅቅ አድርጎ ይሠራል።

ፒኤልሲ ደግሞ ፕሮግራም ተጽፎለት ማሽን የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ አመጣጡም ሌላ ነው። በ1968 ጄኔራል ሞተርስ በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) የታጨቁ ትልልቅ ፓነሎቹን የሚተካለት ዕቃ ፈለገ። ዲክ ሞርሊና ባልደረቦቹ ለዚህ የሠሩት መሣሪያ ሞዲኮን 084 ይባላል። ሥራው «ይህ ከሆነ ያንን አድርግ» የሚለውን ቅደም ተከተል መያዝ ነበር። አናሎግ (እንደ ሙቀት ከፍ ዝቅ የሚል መጠን) ማንበብና ሙቀት መቆጣጠር ኋላ የተጨመሩ ችሎታዎች ናቸው። ዛሬ ጥሩ አድርጎ ይሠራቸዋል፤ ግን ሞጁል (ተጨማሪ ክፍል) ጨምሮ፣ ፕሮግራም ተጽፎለት፣ ባለሙያ ተቀምጦበት ነው።

እርምጃ 1፦ የማሽኑን ሥራ በወረቀት ላይ ጻፉ

መርካቶ ከመውረዳችሁ በፊት አንድ ወረቀት ያዙ። ማሽኑ ከበራ ጀምሮ እስኪጠፋ የሚያደርገውን በተራ ጻፉ። ኦፕሬተሩን አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ ማኑዋሉ ላይ የሌለ ብዙ ነገር እሱ ያውቃል። ከዚያ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ጠይቁ፦ ይህ ሥራ የሚጀምረው ወይም የሚቆመው ሙቀቱን ተከትሎ ነው?

በሦስት ማሽኖች እንየው።

የዳቦ ምድጃው ይሞቃል፣ 220 ዲግሪ አካባቢ ይይዛል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይጮኻል። ማራገቢያውና መብራቱ የየራሳቸው ማብሪያ አላቸው። ሙቀቱ ሌላ ነገር አያዝም። እዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ኮንትሮለር ነው የሚገባው። ለዳቦ ቤቱ ባለቤት የነገርኩትም ይህንኑ ነው።

የወተት ፓስቸራይዘር፣ ማለትም ወተቱን አሙቆ ጀርም የሚገድለው ማሽን፣ ሌላ ዓለም ነው። በተለመደው አሠራር ወተቱ 72 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ 15 ሰከንድ በዚያ ሙቀት መቆየት አለበት። ካልደረሰ ቫልቩ ዞሮ ወተቱን ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ሥራ ሲያልቅ ደግሞ እጥበቱ አለ፦ ውሃ፣ አልካሊ፣ ውሃ፣ አሲድ፣ እንደገና ውሃ። እያንዳንዱ የራሱ ሰዓትና ሙቀት አለው። በዚያ ላይ የየቀኑ ሙቀት መመዝገብ አለበት። ይህን ሁሉ በሪሌይና በታይመር እሠራለሁ የሚል ሰው ፓነሉን ገመድ ብቻ ያደርገዋል። ይህ የፒኤልሲ ሥራ ነው።

ሦስተኛው የፕላስቲክ ኤክስትሩደር ነው፤ ፕላስቲክ አቅልጦ በስክሩ (እንደ ብሎን ባለ ዘንግ) እየገፋ ቅርጽ የሚያወጣው። የሚያከራክረው እሱ ነው፤ ስለዚህ በየመንገዱ እመለስበታለሁ። በርሜሉ ላይ ስድስት ዞን አለው እንበል። እያንዳንዱ ለብቻው ይሞቃል። ሁሉም ሳይሞቁ ስክሩ መዞር የለበትም፤ ያልቀለጠ ፕላስቲክ ይዞ ከዞረ ስክሩ ወይም ጊርቦክሱ ይሰበራል። ስለዚህ ሙቀቱ ሞተሩን ያዝዛል ማለት ነው። ግን የሚያዘው ይህን አንድ ነገር ብቻ ነው።

እርምጃ 2፦ ዞኖቹን ቁጠሩ

እኔ የምሄድበት ልክ ይህ ነው። እስከ አራት ዞን ድረስ፣ ሌላ የተወሳሰበ ቅደም ተከተል ከሌለ፣ ኮንትሮለር እመርጣለሁ። ስምንትና ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ ፒኤልሲ አዘነብላለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኮንትሮለር ሲበዛ ዋጋውም፣ የበሩ ቀዳዳም፣ ገመዱም አብሮ ይበዛል። ፒኤልሲ ግን መነሻው ውድ ነው እንጂ ከዚያ በኋላ አንድ ዞን መጨመር ብዙ አያስወጣም፤ አንድ ሞጁል አራት ወይም ስምንት ሴንሰር ያነባል።

በአራትና በስምንት መካከል ያለውን ቁጥሩ ሳይሆን ከዚህ በታች ያለው እርምጃ 5 ይወስነዋል።

እርምጃ 3፦ ሴንሰሩን እዩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ፒኤልሲው አናሎግ መግቢያ አለው፣ ይበቃል» ይላል። አይበቃም። ለምሳሌ የሲመንስ ኤስ7-1200 ፒኤልሲ ዋና ክፍል (ሲፒዩ 1214ሲ) የራሱ ሁለት አናሎግ መግቢያ አለው፤ የሚያነቡት ግን ከ0 እስከ 10 ቮልት ነው። ኬ ታይፕ ቴርሞካፕል (ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ የሙቀት ሴንሰር) ደግሞ ለአንድ ዲግሪ የሚሰጠው 41 ማይክሮቮልት ገደማ ብቻ ነው። 200 ዲግሪ ላይ እንኳ 8 ሚሊቮልት ነው። ያ መግቢያ ይህን ለይቶ ሊያነብ አይችልም። ለብቻው የቴርሞካፕል ሞጁል መግዛት አለባችሁ። የፒኤልሲ ዋጋ ስትጠይቁ ይህን ሞጁል ጨምራችሁ ጠይቁ፤ አለዚያ ዋጋው በኋላ ያስደነግጣችኋል።

ሴንሰሩ ፒቲ100 (ሲሞቅ ኦሙ የሚጨምር) ከሆነም ነገሩ ያው ነው። በ0 ዲግሪ 100 ኦም፣ በ100 ዲግሪ 138.5 ኦም ነው። እሱም የራሱን ሞጁል ይፈልጋል። ኮንትሮለር ላይ ግን የዘመኑ ሞዴሎች አብዛኞቹ ኬ፣ ጄ፣ ፒቲ100 ሁሉንም ያነባሉ። አንድ ፓራሜትር (የሚሞላ ቅንብር) መቀየር ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ሁለት ነገር አትርሱ።

አንደኛ፣ ቴርሞካፕልን በተራ መዳብ ገመድ አትቀጥሉ። ሴንሰሩ ላይ ያለው መገጣጠሚያ 60 ዲግሪ፣ ፓነሉ 25 ዲግሪ ቢሆን፣ በመዳብ ከቀጠላችሁ ንባቡ 35 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ኮንትሮለሩ 200 ሲላችሁ ውስጡ 235 ነው። ዳቦው ለምን ያርራል ብላችሁ ዱቄቱን ስትወቅሱ ትከርማላችሁ። ለዓይነቱ የተሠራ ማራዘሚያ ገመድ አለ፤ እሱን ግዙ።

ሁለተኛ፣ ቀለሙ። በአሜሪካው አሠራር ቀዩ ገመድ ኔጌቲቭ ነው። ከለመድነው ተቃራኒ ስለሆነ ብዙ ሰው ገልብጦ ያስራል። በዓለም አቀፉ የአይኢሲ አሠራር ደግሞ ኬ ታይፕ አረንጓዴው ፖዘቲቭ፣ ነጩ ኔጌቲቭ ነው። ጥርጣሬ ካለ ጫፉን በላይተር ሞቅ አድርጉት። ቁጥሩ ከወረደ ገመዱ ተገልብጧል።

እርምጃ 4፦ ሂተሩን ማን እንደሚያበራው ወስኑ

ኮንትሮለርም ፒኤልሲም ሂተሩን በቀጥታ አያበሩትም። በመካከል ኮንታክተር (ትልቅ ሪሌይ) ወይም ሶሊድ ስቴት ሪሌይ (የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው ሪሌይ) አለ፤ ይህን ሁለተኛውን እኛ ኤስኤስአር እንለዋለን።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ኮንትሮለሩ የሪሌይ መውጫ ካለው የተለመደው ዑደት 20 ሰከንድ ነው። በደቂቃ ሦስት ጊዜ፣ በሰዓት 180 ጊዜ፣ በቀን 10 ሰዓት ብትሠሩ 1,800 ጊዜ ይበራል ማለት ነው። ሙሉ ጭነት ላይ 100,000 ጊዜ ይሠራል የተባለ ሪሌይ በ56 ቀን ገደማ ያንን ቁጥር ይሞላል። የሪሌይ መውጫ ያለው ፒኤልሲም ከዚህ አያመልጥም። እዚያ ላይ ሲሆን ደግሞ የሚበላሸው ለብቻው የማይቀየር፣ ከውድ ዕቃ ጋር የተሰፋ ክፍል ነው። ስለዚህ ኮንትሮለር ስትገዙ ኤስኤስአር የሚነዳ የቮልቴጅ መውጫ ያለውን፣ ፒኤልሲ ስትገዙ ትራንዚስተር መውጫ ያለውን ምረጡ። ዑደቱን 2 ሰከንድ አድርጋችሁ ማሠራት ትችላላችሁ፤ ሙቀቱም ይረጋል።

የማረጋጋቱ ሥራ የፒአይዲ ነው፤ ሂተሩ ምን ያህል መብራት እንዳለበት በሦስት ቁጥሮች የሚያሰላ ዘዴ ነው። ሦስቱን ቁጥሮች ማስተካከል ድሮ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ዚግለርና ኒኮልስ የሚባሉ ሁለት መሐንዲሶች በ1942 ያወጡት ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አሁን ኮንትሮለሩ ላይ አውቶ ቱኒንግ የሚለውን ታበራላችሁ። ሂተሩን ጥቂት ጊዜ ራሱ አብርቶ አጥፍቶ፣ ሙቀቱ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ አይቶ ቁጥሮቹን ያገኛል። ከሌላ ባለሙያ የተቀበላችሁትን ቁጥር ከመሙላት ይህ ይሻላል።

ፒኤልሲም ይህ አለው። በኤስ7-1200 ላይ ፒአይዲ ኮምፓክት የሚባለው ብሎክ (የፕሮግራም ክፍል) ራሱን ያስተካክላል። ግን ፕሮግራመሩ ብሎኩን በቋሚ ሰዓት ልዩነት በሚጠራ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ አለበት። በዋናው ፕሮግራም ውስጥ ከተወው የሚጠራበት ሰዓት አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል፤ ስሌቱም ይዛባል። የሴንሰር መቆረጥም እንዲሁ ነው። ኮንትሮለር ሴንሰሩ ሲቆረጥ የሚያደርገው ከፋብሪካ ተወስኖ ነው የሚመጣው። ፒኤልሲ ላይ ግን ፕሮግራመሩ ራሱ አስቦ ማስገባት አለበት።

አንድ ነገር ስለ ኤክስትሩደሩ። ቱኒንጉን ስክሩ ቆሞ ብቻ አትሥሩት። ስክሩ ሲዞር ፕላስቲኩን እያሸ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል። ቆሞ የተገኘው ቁጥር ሲዞር ላይስማማ ይችላል።

እርምጃ 5፦ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?

ከሁሉም በላይ የምመዝነው ይህን ነው።

አንድ ፋብሪካ ውስጥ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ማሽኑ በፒኤልሲ የሚሠራ፣ ያማረ ስክሪን ያለው ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፒኤልሲው ተቃጠለ። አዲስ ፒኤልሲ ተገዛ። ፕሮግራሙ ግን የለም። የገጠመው ሰው አገር ውስጥ አልነበረም፤ ፋይሉንም ለማንም አልሰጠም። የእኛ ሥራ ገመድ በገመድ እየተከተልን ማሽኑ ምን ያደርግ እንደነበር መገመትና ፕሮግራሙን ከዜሮ መጻፍ ሆነ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሠራተኛው ተቀምጦ፣ ትዕዛዙ ለሌላ ሄዶ። በዚያ ሰሞን የባለቤቱን ፊት ማየት ከብዶኝ ነበር።

ኮንትሮለር ላይ ይህ አይደርስም። የፓራሜትሮቹን ፎቶ በስልካችሁ አንሱና አስቀምጡ። ሲበላሽ አዲስ ትገዛላችሁ፣ ያንኑ ትሞላላችሁ፣ ትሠራላችሁ። ላፕቶፕ አያስፈልግም። ሌሊት ሺፍት ላይ ያለ ኤሌክትሪሺያን ይጨርሰዋል። የተለየ ድርጅት የሠራው ቢሆን እንኳ መጠኑ 48 በ48 ከሆነ በዚያው ቀዳዳ ይገባል፤ የተርሚናል ቁጥሮቹን ብቻ አመሳክሩ።

ሌላም ጥቅም አለ። ስድስት ኮንትሮለር ካላችሁና አንዱ ቢሞት አምስቱ ይሠራሉ። ፒኤልሲው ከሞተ ሁሉም ቆመ።

ስለዚህ የሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ መልሳችሁ «የለም» ከሆነ ፒኤልሲ ከማስገባታችሁ በፊት ደጋግማችሁ አስቡ። ፕሮግራሙን ከፍቶ ማየት የሚችል ሰው በቅርብ አለ? ሶፍትዌሩና ላይሰንሱ አላችሁ? መለዋወጫ ሲፒዩ መደርደሪያ ላይ አለ?

ፒኤልሲ የግድ ከሆነ ደግሞ ውሉ ላይ ይህን አስገቡ፦ ሙሉ የፕሮግራሙ ፋይል ከነማብራሪያው፣ ፓስወርድ ካለም ፓስወርዱ፣ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ይሰጠኝ። ሲሰጣችሁም እፊታችሁ ከፋይሉ ላይ እንደገና ይጫን። ፋይሉን በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ገንዘብ የከፈላችሁበት ንብረት ነው።

በዚህ መለኪያ ስድስት ዞን ያለው ኤክስትሩደር አንድ ዓይነት ምርት ብቻ የሚያወጣ ከሆነ እኔ ስድስት ኮንትሮለር እመርጣለሁ። የእያንዳንዱ አላርም ኮንታክት ዞኑ ሲሞቅ እንዲዘጋ (ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ) አድርጌ፣ ስድስቱን በሲሪየስ (አንዱን ከአንዱ በተከታታይ) ከሞተሩ ማስነሻ ጋር አስራለሁ። አንዱ እንኳ ካልሞቀ ሞተሩ አይነሣም። በቀን ሦስት አራት ዓይነት ምርት የሚቀያይር፣ ለእያንዳንዱም የተለየ ሙቀት የሚፈልግ ከሆነ ግን ኦፕሬተሩ በየጊዜው ስድስት ቁጥር እየሞላ መሳሳቱ አይቀርም። ያኔ በስክሪን ላይ ምርቱን መርጦ አንዴ የሚነካበት ፒኤልሲ ዋጋውን ይመልሳል።

እርምጃ 6፦ መብራቱንና ከፍታውን አስቡ

መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ምን እንዲያደርግ ትፈልጋላችሁ? ኮንትሮለር ሴት ፖይንቱን አይረሳም፤ መብራት እንደመጣ ማሞቅ ይጀምራል። ፒኤልሲ ላይ ግን ፕሮግራመሩ እንዲቆይ ያላደረገው ቁጥር ወደ መነሻው ይመለሳል። ኦፕሬተሩ ያስገባው 180 ዲግሪ ጠፍቶ ዜሮ ወይም ሌላ ቁጥር ይሆናል። በሁለቱም ላይ የሂተሩ ዋና ኮንታክተር መብራት ሲመጣ በራሱ እንዳይዘጋ፣ ሰው መጥቶ ቁልፍ ሲጫን ብቻ እንዲዘጋ አድርጉ። ሌሊት ማንም በሌለበት ምድጃ መጋል የለበትም።

ከፍታውን ብዙ ሰው አያስበውም። የብዙ ዕቃዎች ካታሎግ የሚለው «እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ» ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ታልፋለች። አዳማና ሐዋሳ ግን ከ2,000 በታች ናቸው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት በደንብ አይወስድም። ኤስኤስአር ደግሞ ለሚያልፍበት ለእያንዳንዱ አምፔር አንድ ዋት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ሙቀት ያወጣል። 25 አምፔር ካለፈበት በፓነሉ ውስጥ ትንሽ ሂተር አስቀመጣችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ከሚያስፈልጋችሁ አምፔር እጥፍ ያለውን ግዙ፣ ማቀዝቀዣ ብረቱን አትቆጥቡ፣ ፓነሉ ላይ ፋን ግጠሙ።

እርምጃ 7፦ ሁለቱን ማጋባት ይቻላል

ቅደም ተከተሉን ለፒኤልሲ፣ ሙቀቱን ለኮንትሮለር መስጠት ይቻላል። በአርኤስ-485 የመገናኛ ገመድ፣ ሞድባስ በሚባል የመሣሪያዎች ቋንቋ ያወራሉ። ፒኤልሲው ሴት ፖይንት ይልካል፣ ሙቀቱን ያነባል፣ ይመዘግባል። ፒኤልሲው ቢሞት እንኳ ኮንትሮለሩ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ይቀጥላል። ማሽኑ ውድ፣ የጥገና ሰው ግን ጥቂት በሆነበት ቦታ እኔ ይህን እወደዋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኮንትሮለሩ ሴት ፖይንቱን የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ ስንት ጊዜ እንደሚጻፍበት ገደብ አለው፤ ብዙ ጊዜ 1,000,000 ነው። ፒኤልሲው በየሰከንዱ ያንኑ ቁጥር ደጋግሞ ከጻፈ 12 ቀን ሳይሞላ ገደቡ ያልቃል። ቁጥሩ ሲቀየር ብቻ ይጻፍ፣ ወይም ኮንትሮለሩ ወደ ጊዜያዊ ሜሞሪ እንዲጽፍ አድርጉት።

እርምጃ 8፦ መከላከያውን ለብቻ ግጠሙ

የትኛውንም ብትመርጡ ይህን አትዝለሉ። ኤስኤስአር ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እንደተዘጋ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ነው። ኮንትሮለሩ «አጥፋ» ይላል፣ ሂተሩ ግን መሞቁን ቀጥሏል። ኮንትሮለሩም ፒኤልሲውም ያንን ማቆም አይችሉም። ሴንሰሩ ከቦታው ተነቅሎ ከወደቀም የሚያነበው የክፍሉን አየር ነው፤ «ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ያለማቋረጥ ያሞቃል።

መፍትሔው የራሱ ሴንሰር ያለው፣ ከሌላው ጋር የማይገናኝ የሙቀት ገደብ ነው። ከሥራው ሙቀት ትንሽ ከፍ ብሎ ይሞላል። ገደቡ ሲታለፍ ዋናውን ኮንታክተር ይጥላል (ያጠፋል)። ሙቀቱ ሲወርድም በራሱ አይመለስም፤ ሰው መጥቶ፣ ምን እንደተፈጠረ አይቶ፣ በእጁ ነው የሚመልሰው። ፒኤልሲው ውስጥ በፕሮግራም የተጻፈ ገደብ ይህን አይተካም።

የመጀመሪያው ቀን ፍተሻ

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ሴንሰሩን በበረዶና በውሃ ድብልቅ ውስጥ ክተቱ። ወደ 0 መቅረብ አለበት። ከዚያ የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱ። አዲስ አበባ ላይ ከሆናችሁ 100 አትጠብቁ፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህን ሳያውቁ «ሴንሰሩ 8 ዲግሪ ይሳሳታል» ብለው ማስተካከያ የሞሉ፣ ትክክለኛውን ንባብ ያበላሹ ሰዎች አይቻለሁ።

ቀጥሎ ማሽኑን እስከ ሥራው ሙቀት አሙቁና አውቶ ቱኒንጉን እዚያ ላይ ሥሩ። በመጨረሻ የመከላከያውን ገደብ ቀስ እያላችሁ አሁን ካለው ሙቀት በታች አውርዱት። ኮንታክተሩ «ጧ» ብሎ ሲወድቅ መስማት አለባችሁ። ካልሰማችሁ ያን ቀን ምርት አትጀምሩ።